የግንበኛው ሐውልት

እሑድ፣ ኅዳር 7

ዛሬ የሟቹ ባሌ የመቃብር ሐውልት ተመረቀ። ልጃችን ዳንኤል ትናንት ማታ ያስተከለው እምነበረድ ላይ «የቀድሞ ጦር አባልና የኮንስትራክሽን ዘርፍ ባለሙያ» ተብሎ ተጽፏል። ዘርፍ! ግንበኛ ማለት አሳፍሮት ነው። ሰውዬው ከውትድርና ተመልሶ ጡረታ እስኪወጣ ድንጋይ ሲጠርብ ኖረ፤ ይህን ሳቢያን ሰፈር ያለውን ቤታችንንም በገዛ እጁ አቆመው። ሥራውን ሲጠይቁት ደረቱን ነፍቶ «ግንበኛ ነኝ» ነበር የሚለው።

ይባስ ብሎ ሐውልቱ ዘሟል። እኔ ገና ከሩቅ ታየኝ፤ ሌላው ሥሩ ቆሞ ፎቶ ይነሣል።

«ዳኒ፣ ወደ ግራ ዘሟል» አልኩት።

«እማዬ ደግሞ! እምነበረድ እኮ ነው» አለኝ።

ይሄም መልስ ሆኖ!

ባሌ የዘመመ ግንብ ካየ፣ የራሱ ሰዎች የሠሩት ቢሆንም እንኳ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በእግሩ ገፍቶ ይጥለው ነበር። ክርክር የሚባል አያውቅም።

ሰዉ ለምሳ ወደ ሚኒባሱ ሲጋፋ ወደ ኋላ ቀረሁና ሐውልቱን በእግሬ ገፋ አደረግሁት። ተነቃነቀ።

«እማዬ፣ ምሳው ቀዘቀዘ!» ብሎ ዳንኤል ተጣራ።

ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው። በዚህ በድሬ ሙቀት ግን ሳይደርቅ ብዙ አይቆይም። ነገ በጠዋት ባጃጅ ይዤ ወደ መቃብሩ እመለሳለሁ።