የአውሮፕላኗ ሞተርና የታደለች ጆሮ

ኅዳር 5፣ ከቀኑ 11፡20

ሞተሩ ዛሬም ጠፋ። ይነሳል፣ ያጓራል፣ ነዳጅ ስጨምርለት ቀጥ። እሳት የሚሰጠው ካንዴላ አዲስ። ቤንዚኑ የተጣራ። የቀረው ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነው። የቤንዚኑን መርፌ በካቻቢቴ ትንሽ ትንሽ ሳጠብብ የሞተሩ ድምፅ እየቀጠነ መውጣት አለበት፤ መውረድ ሲጀምር ጥቂት መመለስ። በቃ። ኮሌጅ ውስጥ ለመኪና ጥገና ተማሪዎች ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር። ዛሬ ግን፣ ማስታወሻዬ፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ፦ ቀጭኑም ወፍራሙም ድምፅ አንድ ሆነብኝ። ሁለት ዓመት ከቀርከሃና ከፎም የሠራኋት፣ ከመሬት ሆኜ በሪሞት የማበራት ትንሽ አውሮፕላን ሞተሯን ትጠብቃለች። ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። የጆሮዬ ነው።

ኅዳር 6፣ ከምሳ በኋላ

ባለቤቴ ታደለች ተቀይማኛለች። እህቷ ከዶዮገና እንደምትመጣ ሦስቴ ነግራኝ ዝም ስላልኳት ነው። ረሳሁት አልኳት። ውሸት። አልሰማኋትም። ደንቆሮ ከመባል ሚስቱን የናቀ መባል ይሻላል? ሞኝነት። ተማሪ ሲጠይቀኝም ራሴን ነቅንቄ አልፋለሁ።

ኅዳር 8፣ 10 ሰዓት

ከግቢ ሮጬ ገብቼ ነው የምጽፈው። በደስታ።

ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስሬ መርፌውን እያጠበብኩ ነበር። ታደለች ጎረቤት በጩኸቱ መማረሩን ልትነግረኝ ወጣች። እጇን አጣምራ ቆመች። ቸርች መዘምራንን የምታሠለጥን ሴት ናት፤ ጆሮዋ አይስትም።

«አሁን ወረደ፤ መልሰው» አለችኝ ጠጋ ብላ።

ዞሬ አየኋት።

«አልሰማኸውም?»

ሞተሩን አጠፋሁት። «አልሰማሁም። አንቺንም አልሰማሽም። ዓመት ሆነኝ።»

ያጣመረችውን እጇን ፈታች። ከዚያ፣ «እኔ እኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

አስነሳው አለችኝ። ድምፁ ሲወጣ መዳፏን ታነሳለች፣ ሲወርድ ታወርዳለች፤ እኔ እጇን እያየሁ አጠብባለሁ፣ አላላለሁ። አራተኛው ሙከራ ላይ መዳፏ ባለበት ቆመ። ነዳጁን በአንዴ ለቀቅኩት። አልጠፋም! ጭሱም ሳሳ።

ኅዳር 13፣ 4 ሰዓት ከጠዋቱ

ወደ ሆመቾ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ሜዳ። ነፋስ የለም። አውሮፕላኗ ተነሳች፣ ማስታወሻዬ። ሦስት ዙር። ከባሕር ዛፎቹ በላይ ወጣች። ስታርፍ አንድ ጎማ ተጣመመ፤ ይቃናል። ታደለች ከእህቷ ጋር እየሳቁ ሮጠው አነሷት። የሚሉትን አልለየሁም። ጠየቅኳቸው፣ ደገሙልኝ። ቀላል ነገር ነበር ለካ።

ኅዳር 15፣ ከክፍል መልስ

ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ጆሮዬ ደክሟል፣ ጮክ በሉ አልኩ። ማንም አልሳቀም። ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ ተነስታ፣ ባለፈው ሳምንት ጠይቃኝ ራሴን ነቅንቄ ያለፍኩትን ጥያቄ እንደገና ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። አፈርኩ። መለስኩላት።

ረቡዕ ከታደለች ጋር ጆሮ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። የሚሰካ ነገር ካዘዙልኝ እሰካዋለሁ። ክፍል ውስጥም ቢሆን።