የቻቻ ቀማሽ

ይድረስ ለእናትም ለእህትም ለሆንሽኝ እትዬ፦

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ባልዲ ስታነሺ ይይዝሻል? የእማማ ዓይንስ እንዴት ሆነ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬ ብታዪኝ «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ትያለሽ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ ነበር። ያለሁት የሕንድና የፓኪስታን ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ስምንት ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ቀለሙ የለቀቀ የምግብ ዝርዝር፤ በቃ። ውኃውን እንኳ ደንበኛው ራሱ ነው የሚቀዳው። ባለቤቷ ሕንዳዊት ናት፤ ቶሎ ትቆጣለች፣ ቂም ግን አታውቅም። ምግብ አብሳዩ ሽማግሌ ፓኪስታናዊ ናቸው፤ ሁላችንም «ቻቻ» እንላቸዋለን፣ በቋንቋቸው አጎት ማለት ነው። እኔ ሳህን አጣቢ ነኝ። ቻቻ ታዲያ ሆዴን ሳልሞላ ውኃ አያስነኩኝም።

ከሁለት ወር በፊት ክፉ ጉንፋን ጥሏቸው ነበር። ተሽሏቸው ሲመለሱ ምግቡ ተበላሸ። ምስሩ አንድ ቀን ጨው አልባ፣ በማግስቱ ጨው ብቻ። ሳህኑ ሳይነካ ሲመለስ የማየው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ቀምሰው ጨው ሲጨምሩ አይቼ እኔም ቀመስኩት፤ ከአፌ አይገባም። «ቻቻ፣ በዝቷል እኮ» ብላቸው ፊታቸው ልውጥ አለ። ጓዳ ወስደው፣ «ሽታውም ጣዕሙም ጠፍቶብኛል፤ አደራህን ለማንም እንዳትናገር። ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም» አሉኝ። እንባቸውን በሽርጣቸው ሲጠርጉ አንጀቴን በሉት።

ልጅ ሆኜ «ጨው አነሰው፣ ጨው በዛበት» እያልኩ ሳማርርሽ በማማሰያ ታባርሪኝ የለ? ያ ምላሴ ሥራ አገኘ። ሳህን የማቀብል መስዬ እቀምሳለሁ፤ ጉሮሮዬን ከጠረግኩ ጨው ይጨምራሉ፣ ዝም ካልኩ ይተዋሉ። ሳህኑም ተጠርጎ መመለስ ጀመረ።

ባለፈው ማክሰኞ ግን እኔን ጉንፋን ያዘኝ፤ ጉሮሮዬን ስጠርግ ዋልኩ። ቻቻም ጨው ሲጨምሩ ዋሉልሽ! ባለቤቷ ቀምሳ ሁለታችንንም ጠራችን። «እኔ ነኝ የደፋሁት» ብዬ ዋሸሁ። ቻቻ ግን ትከሻዬን ይዘው «ተው ልጄ፣ ይብቃን» አሉና ሁሉንም ነገሯት። እኔማ ተባረርን ብዬ በዓይኔ ኮቴን እፈልጋለሁ። እሷ ግን፣ «ታዲያ እጅዎ ምን ሆነ? እጅዎ ደኅና አይደል?» አለቻቸው። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ፣ «አንተም ጉሮሮ መጥረጉን ተውና አፍ አውጥተህ ተናገር!»

ከዚያ ወዲህ ቦታዬ እሳት ዳር ሆኗል፤ ቻቻ ቅመም አጨማመር ያስተምሩኛል። ትናንት ምስሩን ብቻዬን ሠራሁት። እሳቸው መቅመስ ስለማይሆንላቸው በር ላይ ቆመው ደንበኞቹን ሲያዩ ቆዩና፣ «ማንም አያወራም፤ ዝም ብለው እየበሉ ነው» አሉኝ። እትዬ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ጋሼን፣ ያ ሳሉ ሳይብስ ሐኪም ዘንድ ሂድ ብሎሃል በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን በርቺ፣ ትንሿን ደግሞ ጥርስሽ በቀለ ወይ ብሎሻል በያቸው። አንቺንም እቅፍ አድርጌ ስሜሻለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከምግብ ቤቱ ፎቅ ላይ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ ጠዋት፣ መጋቢት 3