ዓይን ያለው መገነዣ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጥፋተኛው ታዴዎስ ነው። የገዛ ልጄ። ላንድማርክ ካለው ቤቱ ነቅሎ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሽማግሌዎች ሕንፃ ውስጥ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። ሚስቱ ሃይማኖት ናት እንዳልል አፏን አልከፈተችም። አለመክፈቷ ነው እንጂ...

"ልጅቷ የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል እማዬ። አንቺ ጋ በየእሁዱ አመጣታለሁ።" ክፍሉ የኔ ነበር። እሁዶቹስ? ከነሐሴ ወዲህ ሁለቴ መጣ። ቤልትዌይ የሚሉት መንገድ ተዘጋግቶ፣ ሥራ ተጠርቶ፣ ልጅቷን አስሏት...

ዛሬ ልብስ አጠብኩ። ምስር ቀቀልኩ። ጨው በዛበት። ለማን ብዬ ላስተካክለው?

ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው። ሄርንደን ሆቴል ስናጸዳ የሥራ ባልደረባዬ ሲሐም በብሬክ ሰዓታችን እያስቆጠረችኝ። "ሰው ላይ ከምትጮሂ ጻፊው" ትለኝ ነበር። ይኸው እጽፋለሁ። ጩኸቱ ግን አልቀረም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሊፍቱ ውስጥ ወረቀት ተለጥፏል። እንግሊዝኛ ስለሆነ አቶ አያሌው አነበቡልኝ። የፊት ለፊት ጎረቤቴ ናቸው። ጥቅምት 21፣ ለሃሎዊን ማታ፣ ልጆች ሙትም እንስሳም መስለው ለብሰው በየፎቁ እየዞሩ በር ያንኳኳሉ፣ ከረሜላ ይሰጣቸዋል። የሚያስፈራ የሙት ጌጥ ያልተሰቀለበት በር ግን አይንኳኳም።

"ሞትን በር ላይ ሰቅሎ ልጅ መጥራት! ምን ዓይነት ነገር ነው?" አልኳቸው።

"እኛስ እዚህ ተሰቅለን የለ? የሚያንኳኳ ጠፋ እንጂ።"

ሳልወድ ሳቅሁ።

ማታ ታዴዎስ ሲደውል ነገርኩት። የልጅ ልጄ ሚስጥር ከኋላው ሰምታ ጮኸች። ስምንት ዓመቷ ነው። በአማርኛ ብጠይቃት የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው። ዛሬ ግን ቀላቀለችልኝ። "እማማ፣ ቢግ ጎስት ሥሪ! ፕሊስ!" ትልቅ ጣረ ሞት ማለቷ ነው። ቢራቢሮ ሆና ልትመጣ ነው። ክንፉ ተገዝቷል።

ታዴዎስ "ለጣረ ሞቱ ነጭ አንሶላ እሁድ ይዤልሽ እመጣለሁ" አለ።

ይመጣ ይሆን?

እሁድ፣ ጥቅምት 9

አልመጣም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የሚጣለውን ሁሉ ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ። ቀለምና ብሩሽ ታች ካለው መዝናኛ ክፍል ሰጡኝ። የሶፍቱን ካርቶን ጥቁር ቀብቼ የሌሊት ወፍ አደረግሁት። የእንቁላሉን መያዣ ቆራርጬ ሸረሪት። እግሩ የቆሻሻ ከረጢት ማሰሪያ ነው። የአንዱ ሸረሪት እግር ጎደለ። ይበቃዋል፣ የት ሊሄድ ነው?

ባዶ የወተት ጋሎን ላይ ፊት ሳልኩበት። አቶ አያሌው መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

"ወይዘሮ ዕንቁ፣ ይሄ ቁርጥ አማቴን።"

"ያስፈሩ ነበር?"

"ሲስቁ ብቻ።"

እስኪጨልም ቀባሁ። ጥፍሬ ሥር ያለው ቀለም አለቀቀም። አሮጊት ሆኜ ጭቃ እንደሚያቦካ ልጅ...

እሁድ፣ ጥቅምት 16

ዛሬም የለም። "አንሶላውን ገዝቼዋለሁ እኮ እማዬ፣ መኪና ውስጥ ነው" አለ። መኪናውስ የት ነው?

የኔ አንሶላዎች ሁሉ አበባ ናቸው። እሱ የገዛቸው። አበባ ያለበት ጣረ ሞት የት ይታወቃል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎተትኩት። መገነዣዬን አወጣሁ። ከአገር ስወጣ ስንሰነባበት እህቴ ውብነሽ የሰጠችኝ አቡጀዲ። "እዚያ ሬሳ ሱፍ አልብሰው ነው አሉ የሚቀብሩት። አንቺ እንኳ በወጉ ተገነዢ" ብላ። እሷ እንዳጣጠፈችው ነው ያለው። ነጠላዬም ጥለት አለው፤ ቤቱ ውስጥ ያለ ጥርት ያለ ነጭ ጨርቅ እሱ ብቻ ነው።

አቶ አያሌው ደነገጡ። "መገነዣዎን? በር ላይ? ጤና የለዎትም እንዴ?"

"ለሞቴ ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። በቁሜ ሰው ካመጣልኝ ምን ቸገረኝ?"

የቀለሙን ጣሳ አገላብጠው አዩና "የልጆች ቀለም ነው፣ በውሃ ይለቃል" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ መሰለኝ።

መቀስ አላስነካሁትም። ፊኛ ነፍቼ ራስ አደረግሁለት፣ ጨርቁን አለበስኩት፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን ሳልኩ። ቀለሙ በዛና ግራው ወደ ታች ፈሰሰ። የሚያለቅስ መሰለ።

በስልክ ለሚስጥር አሳየኋት። በሳቅ ፈረሰች። ደጋግማ አሳዪኝ አለች። እንዲህ ስትስቅልኝ... መቼ ነበር?

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

የዛሬዋን ማርያምን ጠዋት "ልጅቷን አምጪልኝ" አልኳት። ሌላ ምንም አልለመንኩም።

ሲመሻሽ ልጆቹ እየተንጋጉ መጡ። የሕንፃው ቢሮ ውስጥ የምትሠራው ልጅ ትመራቸዋለች። ወንበሬን በሩ ላይ አድርጌ ሁለት ሁለት ከረሜላ አደልኩ። በየትከሻቸው ክንፍ ፈለግሁ። ክንፍ ያለው የለም።

ሁሉም ሲያልፉ አንድ ትንሽ ጣረ ሞት ቀረ። አንሶላ ተከናንቧል፣ ዓይኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ ብቻ። ከረሜላ አልጠየቀም። ዝም ብሎ ያየኛል። ከዚያ እጁን በአንሶላው እንደተሸፈነ ሰደደና በሩ ላይ የሰቀልኩትን መገነዣዬን ጨብጦ ሳብ አደረገው። ፊኛው ሊወድቅ ተንገዳገደ።

እጁን በጥፊ መታሁት። "ኖ ተች! ሂድ!" አንድ ከረሜላ ጣልኩለት። አላነሳውም። ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሄደ።

ብዙ ሳይቆይ ታዴዎስ ደወለ።

"እማዬ፣ ምን አድርገሻት ነው? መኪና ውስጥ ሆና እያለቀሰች ነው።"

"ማን?"

"ሚስጥር ናታ! ፓርኪንግ አጥቼ ከልጆቹ ጋር ላክኋት። የእማማን ጣረ ሞት ካልሆንኩ ብላ ክንፉን ጣለችው። ያንን ላንቺ የገዛሁትን አንሶላ ቀደድኩላት። ሰርፕራይዝ ላድርጋት ብላ..."

"አምጣት። አሁን አምጣት።"

"እምቢ ብላለች።"

በነጠላ ጫማዬ ወረድኩ። ሄደዋል።

አንሶላው መጣልኝ። ልጅቷ ለብሳው በሬ ድረስ መጣልኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 23

ቪዲዮ ደወልኩ። ሃይማኖት አነሳች። "ተኝታለች እማማ።" ከኋላዋ ካርቱን ይሰማል። ከካርቱኑ በላይ ደግሞ የልጅቷ ድምፅ። "ሺ ሂት ሚ።" መታችኝ ማለቷ ነው፤ ይቺን ያህል እንግሊዝኛማ አውቃለሁ።

ታዴዎስ ስልኩን ተቀበላት። "ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች" አለኝ። ምኑን ነው የምትረሳው? ጥፊውን? እኔን?

ታች ነኝ ብሎ አንዴ ቢደውል ምን ነበረበት? ያኔ እሁድ አንሶላውን ቢያመጣ? ጥፋተኛው እሱ ነው፣ አሁንም እሱ ነው። እጁስ? የመታው እጅስ የማን ነው?

ኅዳር ላይ ለታንክስጊቪንግ በዓል መምጣታችንን እናያለን አለ። እናያለን...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

የሌሊት ወፉን፣ ሸረሪቶቹን፣ የአቶ አያሌውን አማት፣ ሁሉንም ጣልኩ። ያቺ ከረሜላ ከወንበሩ ሥር ነበረች። እሷን አልጣልኩም።

መገነዣውን በሙቅ ውሃ አጠብኩ። በሳሙና፣ ቀጥሎ በበረኪና። ጥቁሩ ግራጫ ሆነ እንጂ ዓይኖቹ አልለቀቁም። ሁለተኛ ዘፈዘፍኩት። እዚያው ናቸው።

አቶ አያሌው በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። "ሌላ ይገዛል፣ ወይዘሮ ዕንቁ።"

"ማን ነው የሚገዛው?"

የእርጥቡን ጨርቅ አንደኛውን ጫፍ ያዙልኝ፣ አብረን ጨመቅነው።

ሲደርቅ ውብነሽ ባጠፈችበት በኩል አጠፍኩት። የሚያለቅሰው ዓይን ከላይ ሆነ። ገልብጬ አጠፍኩት። በጀርባውም አልፎ ይታያል። ሻንጣው ውስጥ መለስኩት። እንደዚሁ ይገንዙኝ። ያን ቀን ታዴዎስ ይመጣ የለ? ይየው።

እጄ ከበረኪናው ተላልጧል። ከእንግዲህ አላጥበውም።