ዳማዋ በቅሎ የተጫነች ዕለት

ደባርቅ፣ ጥር 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ደብረ ዘይት ላለችው የእንስሳት ሐኪም ልጄ፣ ለሊድያ ቢራራ፤

እንዴት ከረምሽልኝ? እኔ በመድኃኔ ዓለም ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ። ወንድምሽ ኪዳኑ ግን ከእንግዲህ በሁለት እግሩ አይቆምም። ይህንንም ተኝቶ የሚጽፍልኝ እሱ ነው፤ እጁ ደኅና ነው፣ ቢያንስ ለዚህ ይረባል።

ዳማዋ በቅሎ የኋላ እግሯ ላይ፣ ከኮቴዋ ከፍ ብሎ የበቀለባትን ሥጋ ታስታውሺዋለሽ። ማዕረግ፣ ያቺ የእንስሳት ክሊኒኩ ባለሙያ፣ ቆርጬ አወጣዋለሁ አለች። አንቺ ባለፈው ክረምት እንዳስተማርሻት ከቋንጃዋ በላይ በውስጥም በውጭም በኩል ማደንዘዣ ወጋቻት። በቅሎዋ ነቅታ ገለባዋን ትበላለች፤ እግሯ የሌላ እንስሳ ይመስል ዝም ብሎ ይቆረጣል። ጉድ ነው መቼም።

ስትጨርስ፣ «ጋሼ ቢራራ፣ እስከ ማታ እግሯን አታውቀውም። ከበረት እንዳያወጧት። አሥር ቀን ደግሞ ጭነት የሚባል የለም» አለች። አሥር ቀን! የዚያኑ ዕለት የጭነት ተራዬ ደርሷል፤ ተራራ ሊጎበኙ ወደ ጨነቅ የሚወጡ እንግዶች መጥተዋል። እዚህ በቅሎው ከእንግዳው ይበዛል፤ ተራ ካለፈ አለፈ ነው።

ቁስሉን በጣቴ ተጫንሁት፣ ንቅንቅ አላለችም። ግቢውን አዞርኋት። ወር ሙሉ ስታነክስ የከረመች በቅሎ አላነከሰችም። ካላመማት ምን ሆነች ልበል? ኪዳኑ «አባዬ፣ ዛሬ ትዋል» አለኝ። «አንተ መቼም ከሥራ የምትቀርበት ሰበብ አታጣም» ብዬ በለበቅ ጀርባውን ሾጥ አደረግሁት። ጫነ።

ቡይት ራስ ሳይደርሱ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ኮቴዋ ወደ ኋላ ታጠፈ። ስላልተሰማት በታጠፈው ቆመችበት። ኪዳኑ ከታች ሆኖ ልጓሟን ይዞ ነበር፤ ከነጭነቷ ወደቀችበት። እሷ እዚያው ሞተች። የሱን እግር ጎንደር ወስደን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ማዕረግን ለወረዳው ከስሻታለሁ። ልጄን የቆረጠው መርፌዋ ነው፤ አገሩም እንዲያ ነው የሚያውቀው። ከሥራዋ ትባረራለች አሉኝ፣ ትባረር። የቀረኝ የሐኪም ፊርማ ነው። «ማደንዘዣውን ያለቦታው ወግታለች፣ ለባለቤቱም አላስጠነቀቀችም» ብለሽ ጻፊና ማኅተም አድርገሽ ላኪልኝ። እምቢ ካልሽ መርፌውን ማን እንዳስተማራት ለወረዳው የምነግር እኔው ነኝ። ያስተማርሁሽ ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

መድኃኔ ዓለም ከክፉ ይሰውርሽ፤ ልብሽንም ወደ አባትሽ ያዘንብልልኝ።

አባትሽ ቢራራ (በጣት አሻራ)

ሊድያ፣ ከዚህ በታች ያለው የእኔ የኪዳኑ ነው፤ አባዬ አያውቀውም። አትፈርሚ። ማዕረግ ያለችውን እኔም ሰምቻለሁ፤ ወረዳው ሲጠራኝ እናገራለሁ። ከጎንደር ከተመለስሁ ጀምሮ ቁስሌን የምታጥብልኝ እሷ ናት፤ አባዬ ማየት አልቻለም። ደብዳቤውን ጽፌ ስጨርስ መልሼ አነበብሁለት። «ጫነ» የሚለው ላይ ስደርስ አለቀሰ። ቃል አላስለወጠኝም፤ ቀለሙን አቅርብልኝ አለኝ፣ አሻራውን አሳረፈ።