ከሙዚየም የተሸጠው ካፖርትሽ

ለውድ እህቴ ለጃኒን፣

እንዴት ነሽልኝ እህትዬ? ያ ጎንበስ ባልሽ ቁጥር የሚጮኸው ጉልበትሽስ ተሻለው? ባልሽ ግሬምስ ሳሉ ለቀቀው ወይስ አሁንም ሐኪም ቤት ሂድ ሲሉት አትክልቴን ሳልኮተኩት ይላል? ልጃችን ኮሪንስ? በወሩ መጨረሻ ሥራ ልትጀምር ቀን እየቆጠረች ነው ብለሽኛል፤ የስኮትላንዳችሁ የአበርዲን ዝናብ እንዳያስነጥሳት ብቻ። እኛ ደህና ነን። ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፣ ዴልም ቀኑን ሙሉ መጥረጊያውን ይዞ ከጎረቤት ዛፍ ጋር ይጣላል። ደህና ነን ስልሽ ግን የምናዘዘው ነገር አለኝና መጀመሪያ ቁጭ በይ።

ኮሪን ለመጀመሪያ የሥራ ቀኗ እንድትለብሰው ሰማያዊውን ካፖርትሽን ላኪልኝ ብለሽ ከጻፍሽልኝ ሦስት ወር ሆነ። ያን በመጀመሪያ ደመወዝሽ ከብራመርስ መደብር የገዛሽውን፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋውን። ለምን እንዳልላክሁት ስትጠይቂኝ ፖስታ ቤቱን ሳማ ከርሜያለሁ። ፖስታ ቤቱ ምንም አላደረገም። ለሁለት ሳምንት አውሼው ነው።

የከተማው ሙዚየም የብራመርስን አሮጌ ሕንፃ ገዝቶ ምድር ቤቱን ልክ በ1986 እንደነበረው እናድርገው አለ። መስኮት ሳስውብ አሥራ አንድ ዓመት የቆየሁበት ቤት አይደል? ጠሩኝ። ስገባ ምን ልበልሽ! ቡናማና ብርቱካን ምንጣፉ፣ መስታወት የለበሱት ምሰሶዎች፣ ከወጣቶች ልብስ በላይ የሚበራው ሮዝ የኒዮን መብራት ጽሑፍ፤ ሁሉም ተመልሷል። የቀረው የፈንዲሻው ሽታ ብቻ ነው። እኔም እጄ ሥራውን አልረሳም፤ ሦስቱን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች መስኮቱ ላይ አቆምሁና የአንዷን ጀርባ ወደ መንገዱ አዞርሁት። የሙዚየሙ ልጆች “ፊቷ እኮ አይታይም” አሉኝ። “ለዚህ ነዋ! አላፊ አግዳሚው ምን እያየች ይሆን ብሎ ይገባል” አልኋቸው። ካፖርትሽን ያለበስሁት እሷን ነው። ያላንቺ ካፖርት 1986 ሙሉ አልሆን አለኝ፤ ምን ላድርግ።

የሴቶች ልብስ ሻጯን ቨርሊንንም ጠርተዋት ነበር። ታስታውሻታለሽ፣ “ይሄ ቀለም ያገረጣሻል” ብላ የሽኝትሽን ቀሚስ ያስቀየረችሽ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የስም ባጇን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ ፀጉሯን ተተኩሳ መጣች። ሥራዋ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ጎብኚ ፈገግ እያሉ መቀበል ብቻ ነው ተባለች። እሺ አለች። ከዚያ “አትንኩ” የሚሉትን ካርዶች እየዞረች ለቀመችና መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። “ብራመርስ ‘ግቡ፣ ንኩ፣ ለብሳችሁ እዩ!’ ነው የሚለው፤ አትንኩ ብሎ አያውቅም” አለችኝ። እውነቷን ነው። አንቺ ራስሽ ያንን የሬዲዮ ማስታወቂያ ዕቃ ስታጥቢ ትዘፍኝው አልነበር?

የመክፈቻው ቅዳሜ ሆት ዶግ ልብላ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ አሻንጉሊቷ ራቁቷን ቆማለች።

“ቨርሊን፣ ካፖርቱስ?”

“ሄደ የኔ ቆንጆ! ለሷ የተሰፋ ነው የሚመስለው።”

“እንዴት ሄደ? ይሄ እኮ ሙዚየም ነው!”

“ታዲያ የዋጋ ካርድ ያንጠለጠልሽበት አንቺ አይደለሽ?”

እኔ ነኝ። ዋጋ ያልተጻፈበት መስኮት ያላለቀ ሥራ ስለሚመስለኝ በራሴ እጅ ጽፌ አንጠልጥያለሁ። እሷ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የሸጠች ሴት፣ ዋጋ ያለው ልብስና የወደደች ደንበኛ አይታ እንዴት ዝም ትበል? በስስ ወረቀት ጠቅልላ፣ ሪባን አስራ ሸኝታታለች። የገዢዋን ስም አልጠየቀች፣ አድራሻዋን አልጻፈች። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስሁ፤ ለአንቺ ምን ብዬ እንደምጽፍ እያሰብሁ።

በነጋታው እንባዬን ጠርጌ የማውቀውን ሠራሁ፤ ማስታወቂያ ጻፍሁ። ያ ድምፁ ማር የሆነው የድሮው የሬዲዮ አስተዋዋቂ ጡረታ ላይ ቢሆንም ራሱ መጥቶ በሬዲዮ አነበበልኝ። “ውድ ደንበኛችን! ቅዳሜ ሰማያዊ ካፖርት ገዝተሽ የሄድሽው! ብራመርስ ከተዘጋ ሃያ ሁለት ዓመት መሆኑን ረስተን ስለሸጥንልሽ ይቅርታ! ካፖርቱን አበርዲን ውስጥ አንዲት ልጅ እየጠበቀችው ነው። ፍጠኚ! ለዚህ ሳምንት ብቻ!” ከተማው በሳቅ ሞተ። ዴል ፀጉሩን ሊቆረጥ ቢሄድ እንኳ “ሚስትህንስ አልሸጧትም?” አሉት።

ሐሙስ ዕለት ትሪና የምትባል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ሪባን የታሰረውን ሳጥን ታቅፋ መጣች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። “ሙዚየም መሆኑን አውቄ ነው የገባሁት” አለችኝ እያፈረች፤ “ግን ሻጯ ‘ዙሪ እስቲ የኔ ማር’ ስትለኝ ረሳሁት። ልብሴን በስልክ አዝዤ በር ላይ ጥለውልኝ ነው የሚሄዱት። ስለካ ቆሞ ያየኝ ሻጭ አጋጥሞኝ አያውቅም።”

ልስማት ስል ቨርሊን ክንዷን አጣጥፋ ከባንኮኒው ኋላ፣ “ደረሰኝ?” አለች።

“ቨርሊን!”

“ያለ ደረሰኝ አንመልስም። ደንብ ደንብ ነው።”

ደግነቱ ደረሰኙ ከስሱ ወረቀት መሐል ተገኘ። ቨርሊን መነጽሯን አድርጋ የመመለሻ ቅጹን አወጣች፤ “ምክንያት?” አለች። ትሪና “የሌላ ሰው ስለሆነ” አለቻት። ቨርሊን ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየችና “እንዲህ የሚል መስመር የለንም” ብላ “ልኳ አልሆነም” የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ገንዘቧን መለሰችላት። ከዚያ ቀና ብላ፣ “የጻፍሁት ውሸት ነው፤ ልክሽ ነበር” አለቻትና ክርኗን ይዛ ወደ መስቀያዎቹ ወሰደቻት። “ነይ፣ አረንጓዴ አለ፣ እሱን እንይልሽ።” የሙዚየሙ ኃላፊ ከወዲያ “ኧረ ሚስ ቨርሊን!” እያለች ትሮጣለች። እኔ አላስቆምኋትም እህቴ። መስታወቱን አስተካከልሁላቸው።

ካፖርቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብሮ ይመጣል። ሰው ዳሶታል፣ ተሽጦ ተመልሷል እንጂ አንድ ቁልፍ አልጎደለበትም። ይቅር በይኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ኮሪን ስትለካው ወጥ ቤት ሆነሽ “ያምራል” ብለሽ አትለፊያት። የያዝሽውን አስቀምጪና ፊቷ ቁሚ። ዙሪ በያት።

ግሬምን ሳሉ ይሻልህ ብላለች በዪልኝ። ኮሪንን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ለሽማግሌው ድመታችሁም ሰላምታ አለኝ። ዴል ለምስጋና ቀን የቱርክ ዶሮውን እሱ ሊጠብስ ስለዛተ ጸልዩልን። ቨርሊን ሰላም ብላሻለች፤ ያ ቀለም አሁንም ያገረጣሻል ትላለች።

የምትወድሽ እህትሽ ሎሬታ

ዌልተን ሚልስ፣ ኦሃዮ
ኖቬምበር 10 ቀን 2019