የድሮው ፎርም አላለቀም

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ለምናፍቅሽ እታለሜ፣

እማዬ በስልክ «ተመርጫለሁ» ብቻ ብላ እንደዘጋችብሽ ሰማሁ። ዝርዝሩን ከእኔ ስሚ።

ልብስ ሰፊዋ እናታችን የከተማው ምክር ቤት አባል ሆናለች! ግን ትናንት ወንበሩ ለጥቂት ከእጇ ሊወጣ ነበር። ከመሐላው በፊት የሚሞላ ፎርም አለ፤ ለእሱ አብሬያት ሄድኩ። የሚቀበሉት ጸሐፊ ማኅተሙን ከእጃቸው ስለማይለዩ ሰው ሁሉ «አቶ ማኅተም» ይላቸዋል። አራተኛው መስመር «ሃይማኖት» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «የእምነት መሪ ፊርማ»። እማዬ ዘለለችው።

«እሜቴ፣ ይቺ ባዶ ናት።»

«ባዶ ትሁን።»

«ያለሷ ማኅተም አልመታም። መሐላው ደግሞ ስምንት ሰዓት ነው፤ ያልደረሰ ወንበሩን ያጣል።»

እማዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ትከሻዋ ላይ ቁራጭ ክር ተንጠልጥሏል። ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ «ለመንግሥት ሥልጣን የሚመረጥ ሰው በሃይማኖቱ አይጠየቅም፤ አይመዘንም» አለች። አንድም ቃል ሳትስት! ወንድማችን ለሕግ ፈተና ጮክ ብሎ ሲያጠና፣ ስፌት መኪናዋ ላይ ሆና እየሰማች በቃሏ የያዘችው ነው። ጉሮሮ አጠራረጓ እንኳ የእሱ ነው። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡብኝ።

«ሕጉንማ አውቀዋለሁ፤ ከወጣ ስድስት ዓመቱ» አሉ አቶ ማኅተም። «ምን ላድርግ፣ የድሮው ፎርም አላለቀም!»

«እና ፎርሙ እስኪያልቅ ሕጉ ይጠብቅዎት?»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም መሳቃቸው አልቀረም። ከመሳቢያቸው ማስመሪያ አውጥተው የእማዬን አራተኛ መስመር ሰረዙት፤ ማስመሪያውን ለእኔ ሰጡኝና የቀረውን ክምር አራተኛ መስመር እየሰረዝኩ ዋልኩ። ከትምህርት ቤት የቀረሁት ለአገር ጉዳይ ነው፤ የሒሳብ መምህሬ ግን አላመኑኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። እማዬ «የልጆች ብዛት» የሚለው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያልፈራች ሴትዮ ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ፣ «ስንት ልበል?» አለችኝ። ወንድማችንን ከቀበርነው ገና አምስት ወሩ አይደል።

«ሦስት» አልኳት።

ጻፈችው። አቶ ማኅተም ጎንበስ ብለው አነበቡት፤ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። ቀብሩ ላይ ነበሩ። ምንም ሳይጠይቁ ማኅተሙን መቱበት።

ስምንት ሰዓት ላይ ማለች፤ ክሩ አሁንም ትከሻዋ ላይ ነበር።

ባለሽበት ሁሉ ደጉን ያጋጥምሽ፤ እኛን ሳትረሺ በጤና ተመለሺልን።

ወንድምሽ፣
ሦስተኛው ልጅ