«ደርበው ፎቶ ኮፒ» የተባለውን አደጋ ስላስወገዱልኝ

…እና ሚኒባሱ ዳንግላ መናኸሪያ ገብቶ ሰዉ ዕቃውን ሲያወርድ፣ እኔ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ እከፍትና፣ ምንም ሳልነካ፣ ያ ትንሽ የዋይፋይ ምልክት ብቅ እስኪል… ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰላምታ ሳላቀርብ ጀመርሁ።

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የመረጃ ደኅንነት ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎ ሰው የማይጠፋበት፣ ግንኙነትዎም የማይቋረጥ እንዲሆን ከቆሰበር እመኛለሁ። ሠራተኛ ሁሉ ለመስክ ሥራ ሲጓዝ የላፕቶፑን ዋይፋይና ብሉቱዝ እንዲያጠፋ፣ የተቀመጡ ኔትወርኮችንም እንዲሰርዝ ያስተላለፉት መመሪያ ደርሶኛል። ምስጋናዬን በአደባባይ የማቀርበው ሌሎችም እንዲማሩበት ነው።

አንደኛ፤ በጉዞ ላይ ሳላውቀው ከእኔ ጋር ሊገናኝ የሚፈልግ ሰው ሊኖር እንደሚችል ስለገለጹልኝ አመሰግናለሁ። ብቻዬን በምኖርበት ቤት እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪዎችን በተስፋ አያቸዋለሁ። ከአዲስ ቅዳም የሚሳፈሩት የከሰል ነጋዴ ግን ትከሻዬ ላይ እንደተኙ ዳንግላ ይደርሳሉ፤ ስለ ፋይሎቼ አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።

ሁለተኛ፤ ማጥፋቱ ባትሪ ይቆጥባል ብለዋል። እውነት ነው። አሁን ዳንግላ የምደርሰው በሙሉ ባትሪ ነው። ምን እንደማደርግበት መመሪያው አይልም።

ሦስተኛ፤ ባለሙያዎ እንቁ መመሪያውን ልታስፈጽም ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። «እትዬ፣ ይኼ ‹ደርበው ፎቶ ኮፒ› የሚባለው ማነው?» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ስሙን እንደ አዲስ አነበብሁት። «እርስዎም ካላወቁትማ አደገኛ ነው» ብላ ሰረዘችው። ትጉህ ልጅ ናት፤ እድገት ይገባታል።

ደርበው ወንድሜ ነው። ሱቁ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ከአባታችን ተዝካር ማግስት ጀምሮ አንነጋገርም፤ አንደዋወልም። ማን ምን እንዳለ… እሱን ልተወው። ነገር ግን ድሮ በገዛ እጁ ላፕቶፔ ላይ የጻፈልኝን የይለፍ ቃል ለውጦት አያውቅም ነበር። ሚኒባሱ በደረሰ ቁጥር ላፕቶፔ በራሱ ይገናኛል፤ ሪፖርቴን በእሱ ኔትወርክ እልክልዎታለሁ፤ እሱም ከኔትወርኩ ጋር ከተገናኙት መካከል ስሜን ስልኩ ላይ አይቶ ዝም ይላል፤ እኔም ዝም እላለሁ። በመካከላችን የቀረው ይኸው ነበር።

አሁን ስሜ አይታየውም። ጭራሽ ቆረጠችኝ ይል ይሆናል። የመረጃ ደኅንነት መመሪያ ነው ብሎ የሚያስብ አይመስለኝም። የይለፍ ቃሉን እኔ አላውቀውም። እንደገና ለመገናኘት ሱቁ ገብቼ መጠየቅ አለብኝ፤ ከመጠየቄም በፊት ሰላም ማለት።

ለደኅንነቴ ስላሰቡልኝ ውለታዎን ስቆጥር እንደምኖር እየገለጽሁ፣ ከማይደፈር ርቀት እጅ እነሣለሁ፤

ማንም የማይደርስባት ታዛዥ ሠራተኛዎ፣
የምሥራች፣ ከቆሰበር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሐሙስ መመሪያዎን አክብሬ፣ ሁሉን አጥፍቼ፣ ዳንግላ ወረድሁ። ሱቁ ክፍት ነበር። ላፕቶፔን እንደታቀፍሁ ጋሪዎቹን አሳልፌ መንገዱን ተሻገርሁ። ደርበው ከማሽኑ ቀና አለ። ክቡርነትዎ ለዚህ የሚሆን አንድ አንቀጽ ቢጨምሩበት መልካም ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሜ ሰላም ለማለት አፌን ስከፍት፣ መጥቶ በሩን ዘጋብኝ።